ኢንዲየም አንቲሞናይድ፦ በ10 ቴስላ 0.020 የወጣው ኢፌክቲቭ ማስ ከየት መጣ?

የክሩ መነሻ

ይህ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የተካሄደ ክር (የጥያቄና መልስ ሰንሰለት) ማጠቃለያ ነው። ጥያቄውን የከፈተው ሰው የለካውን ሁሉ ዘርዝሮ ስላቀረበ ውይይቱ ከመጀመሪያው መልክ ያዘ። ናሙናው ኤን-ዓይነት (ጅረትን የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች የሆኑበት) ኢንዲየም አንቲሞናይድ የተባለ ሴሚኮንዳክተር ነው፤ ውፍረቱ 500 ማይክሮሜትር፣ የኤሌክትሮኖቹ ብዛት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10¹⁵ አካባቢ። በሱፐርኮንዳክቲንግ ማግኔት መሐል አስቀምጦ፣ ብርሃኑን በመስኩ አቅጣጫ ልኮ፣ የሚያልፈውን ኢንፍራሬድ በፎሪየር ስፔክትሮሜትር ይለካል። በ40 ኬልቪንና በ10 ቴስላ ጥልቅ የመምጠጥ መስመር ያገኘው 463 ዌቭ ነምበር (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያለ የሞገድ ብዛት) ላይ ነው፤ 57.4 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት መሆኑ ነው። ነጻ ኤሌክትሮን በየ1 ቴስላው 0.1158 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚያገኝ፣ አካፍሎ 0.0202 የሚል ኢፌክቲቭ ማስ (ኤሌክትሮኑ በክሪስታሉ ውስጥ ያለው የሚመስል ማስ፣ ከነጻ ኤሌክትሮን ማስ ጋር ሲነጻጸር) ደረሰበት። ሠንጠረዦቹ ግን 0.0139 ይላሉ። ስለዚህ ወይ ማግኔቱ የሚሰጠው 10 ሳይሆን 7 ቴስላ ያህል ነው፣ ወይ ከአቅራቢው የመጣው ቁስ ሌላ ነገር ነው ብሎ ደመደመ።

ከዚህ ጋር ያልገቡትን ሦስት ነገሮች አያይዟል። መስመሩ ከታች ጠፍጣፋ ሆኖ 50 በመቶ ላይ ይቆማል። ናሙናውን ወደ 120 ኬልቪን ሲያሞቀው 415 አካባቢ ሌላ ትንሽ መስመር ብቅ ይላል። መስኩ ከ3 ቴስላ ትንሽ ሲያልፍ ደግሞ ዋናው መስመር ጭራሽ ይጠፋል፤ ከፍ ሲል ተመልሶ ይመጣል። በእኔ እይታ ከራሱ ድምዳሜ ይልቅ የጠቀሙት እነዚህ ሦስት ምልክቶች ናቸው፤ የክሩ ፍሬ ነገር የተገኘው ከእነሱ ነው።

መልስ 1

በሰላምታና ለዝርዝሩ በምስጋና ይጀምራል። ማግኔቱንም አቅራቢውንም ከመክሰስ በፊት ክፍተቱን እንዲያስብ ይመክራል። የዚህ ቁስ የኃይል ክፍተት በዝቅተኛ ሙቀት 235 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ስለሆነ ከክፍተቱ በላይና በታች ያሉት ባንዶች (ኤሌክትሮን ሊይዛቸው የሚችላቸው የኢነርጂ ክልሎች) ይደባለቃሉ፤ ኤሌክትሮኑ ከባንዱ ጠርዝ ከፍ ባለ ቁጥር ይከብዳል። ኢቫን ኬን በ1957 ለዚሁ ቁስ የሠራው ስሌት የሚለው ይህንን ነው። መልስ ሰጪው ቀመሩን በቃል አስቀምጦታል፦ የደረጃውን ኢነርጂ ኢ፣ ክፍተቱን ክ ብንል፣ ኢ × (1 + ኢ ÷ ክ) የሚባለው ነገር ባንዱ ፓራቦላዊ ቢሆን (ማሱ ከኢነርጂው ጋር ባይለወጥ) ኖሮ ደረጃው ሊኖረው ከሚገባው ኢነርጂ ጋር እኩል ነው።

ከዚያ በቁጥር ይሄድበታል። በ10 ቴስላ፣ በ0.0139 ማስ፣ ፓራቦላዊው የሳይክሎትሮን ኢነርጂ (በመስክ ውስጥ የሚዞር ኤሌክትሮን የደረጃዎች ርቀት) 83.3 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የስፒኑ ጂ-ፋክተር (መስኩ ሁለቱን ስፒኖች ምን ያህል እንደሚያራርቅ የሚናገረው ቁጥር) −51 ስለሆነ ዝቅተኛው ስፒን 14.8 ይቀነስለታል። ስለዚህ በመስኩ ውስጥ ኤሌክትሮኑ ከሚይዛቸው የላንዳው ደረጃዎች ዜሮኛው 26.9፣ አንደኛው 110.2 መሆን ነበረባቸው። በቀመሩ ሲስተካከሉ 24.4 እና 81.8 ይሆናሉ፤ መስመሩ የሚወጣው ኤሌክትሮኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል ነው፤ ልዩነታቸውም 57.4 ነው። የተለካው ቁጥር ራሱ ነው ማለት ነው።

መልስ 2

ይስማማል፤ ነገር ግን ትኩረቱ ሌላ ነው። 0.0139 የሚለው የሠንጠረዥ ቁጥር የባንዱ ጠርዝ ላይ፣ መስኩ ዜሮ ሲሆን የሚገኝ ነው፤ ማንም በቀጥታ ለክቶት አያውቅም። በ1 ቴስላ እንኳ መስመሩ 63.6 ዌቭ ነምበር ላይ ስለሚወድቅ የሚወጣው 0.0147 ነው፤ በ5 ቴስላ 0.0174፤ በ10 ቴስላ 0.0202። በጠባብ ክፍተት ሴሚኮንዳክተር መስኩን፣ ሙቀቱንና የኤሌክትሮኖቹን ብዛት ሳይጠቅሱ የማስ ቁጥር መጻፍ ለአንባቢ የማይረባ ነው ይላል፤ እኔም ከዚህ አንድ ቃል አልቀንስም። ምክሩ፦ ከእያንዳንዱ መስክ ማስ እያወጡ አማካይ መውሰድ ይቅር፤ ሁሉም ነጥቦች በአንድ ላይ በቀመሩ ይገጠሙ፣ ክፍተቱ 235 ላይ ተይዞ የጠርዙ ማስና ጂ-ፋክተሩ ብቻ ይፈለጉ።

415 ላይ የወጣውን መስመርም የፈታው እሱ ነው። የላይኛው ስፒን ከዜሮ ወደ አንድ ሲዘል በዚያው ቀመር 51.5 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ይፈልጋል፤ 415 ዌቭ ነምበር ማለት ነው። በ10 ቴስላ የሁለቱ ስፒኖች ርቀት 22.6 ስለሆነ በ40 ኬልቪን ላይኛው ባዶ ነው። በ120 ኬልቪን ከታችኛው አንድ አሥረኛ ያህል ይሞላል። ባንዱ ፓራቦላዊ ቢሆን ሁለቱ መስመሮች ይደራረቡ ነበር፤ መለያየታቸው ራሱ ለመልስ 1 ማስረጃ ነው።

መልስ 3

እዚህ ላይ ቃናው ጠነከረ። መልስ ሰጪው ቁጥሩ ገጠመ ተብሎ ማግኔቱ ነጻ መውጣቱን አይቀበልም፤ ማሱም ጂውም ክፍተቱም ከሠንጠረዥ ተወስደው የተገኘ መግጠም የመስኩን ልክ አያረጋግጥም ይላል። ጠያቂው መስኩን ያወቀው በጠመዝማዛው ውስጥ ከሚያልፈው ጅረት ከሆነ፣ መስኩ ወጥቶ ሲመለስ ሽቦው ውስጥ የሚቀረውን ጥቂት ሚሊ ቴስላም አያውቀውም። ይህ በ10 ቴስላ ምንም አይደለም፤ ከ0.5 ቴስላ በታች ግን ማሱን ያበላሻል። መፍትሔው ከናሙናው አጠገብ የሆል መለኪያ (መግነጢሳዊ መስክን የሚለካ መሣሪያ) ማስቀመጥ፣ ወይም ጂው በትክክል የታወቀውን የዲፒፒኤች ኬሚካል ብናኝ አድርጎ በጂ 2.0036 የስፒን ሬዞናንስ ማስተካከል ነው፤ እየለኩም ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ፣ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ መሄድ።

መልስ 1ን ደግሞ በአንድ ነገር ያርመዋል፦ ቀመሩ 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት ዝቅ ብሎ ያለውን በስፒንና ምሕዋር መስተጋብር የተነጠለውን ባንድና ራቅ ያሉትን ባንዶች ይዘላል። ከ1 በመቶ የተሻለ ልክ የሚፈልግ ሰው የ1966ቱን የፒጅንና ብራውን ስምንት ባንድ ስሌት ይጠቀም። አነጋገሩ ከሚገባው በላይ ሻካራ ነበር፤ ነጥቡ ግን ትክክል ነው።

መልስ 4

ጠያቂው ተመልሶ፣ ሳይቀየም፣ ሌሎች ነጥቦች አቀረበ፦ በ2 ቴስላ 121፣ በ5 ቴስላ 269 ዌቭ ነምበር። ሁለቱም በቀመሩ ላይ ያርፋሉ። የሆል መለኪያ እንደሚያስገባም ቃል ገባ። ከዚያ ጠፍጣፋውን መስመር መልሶ ጠየቀ፤ ምናልባት ከናሙናው ጎን የሚያመልጥ ብርሃን ይሆን?

መልስ 5

በክሩ ውስጥ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ይህ ነው። ብርሃን አላመለጠም ይላል። ኤሌክትሮን በመስክ ውስጥ የሚዞረው ወደ አንድ ጎን ብቻ ስለሆነ የሚመጥጠው በዚያው አቅጣጫ የሚዞረውን ብርሃን ነው። ፖላራይዘር ካልተደረገ የብርሃኑ ግማሽ ወደ ተቃራኒው ስለሚዞር ሳይነካ ያልፋል፤ ስለዚህ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ (የሚመጠጠው ብርሃን ሁሉ ሲያልቅ) 50 በመቶ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ክብ ፖላራይዘር ላለው ሰው ቀላል ፈተና አለ፦ ፖላራይዘሩን ሳይነኩ የማግኔቱን ጅረት መገልበጥ። በአንዱ አቅጣጫ መስመሩ ዜሮ ይነካል፤ በሌላው ይጠፋል። የተሸካሚው ምልክት፣ ኤሌክትሮን ይሁን ሆል (ኤሌክትሮን የጎደለበት፣ እንደ አዎንታዊ ተሸካሚ የሚሆን ክፍት ቦታ)፣ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

መስመሩ ለምን እንደሞላ ደግሞ ያሰላዋል። ሞቢሊቲው (ኤሌክትሮኖቹ በኤሌክትሪክ መስክ የሚንቀሳቀሱበት ቅለት) 100,000 ስኩዌር ሴንቲሜትር በቮልት ሰከንድ ነው እንበል። በ10¹⁵ ብዛት የመስመሩ ጫፍ መምጠጥ በሴንቲሜትር 1,500 ያህል ይደርሳል። በ500 ማይክሮሜትር ሲባዛ 75 ነው፤ የሚያልፍ የለም። በዚሁ ሞቢሊቲ የመስመሩ እውነተኛ ስፋት በግማሽ ቁመት 13 ዌቭ ነምበር አካባቢ መሆን ሲገባው፣ የሞላ መስመር ግን ብዙ እጥፍ ሰፍቶ ይታያል፤ ከዚያ ስፋት የመጋጫ ጊዜን (ኤሌክትሮኑ በሁለት ግጭቶች መሐል የሚቆይበትን) የሚያሰላ ሰው ሐሰተኛ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ጤነኛ ልኬት ለማግኘት በዚህ ብዛት 7 ማይክሮሜትር ውፍረት ያስፈልጋል፤ ወይም ብዛቱ 10¹⁴ የሆነ ናሙና ወስዶ 70 ማይክሮሜትር ላይ መቆም። እሱ የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው።

አሠራሩን እስከ መጨረሻው ዘርዝሮታል። ናሙናው በሰም ከብርጭቆ ላይ ይጣበቃል፤ በ3 ማይክሮሜትር የአልሙና ዱቄት በእርጋታ ይፈጫል፣ ቁሱ ተሰባሪ ስለሆነ መጫን የለም። የመጨረሻው 10 ማይክሮሜትር ያህል በሜታኖል ውስጥ በተበረዘ ብሮሚን በኬሚካል ይነሳል፤ ምክንያቱም ፍጨቱ ከላዩ የተጎዳ ሽፋን ትቶ ይሄዳል፣ ያ ሽፋን መስመሩን ያሰፋዋል። ሰሙ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ናሙናው በአንድ ማዕዘኑ ብቻ፣ በትንሽ የቫኩም ቅባት ይያዝ። ፊቱ በሙሉ ከመያዣው ጋር ከተጣበቀ ሲቀዘቅዝ ሁለቱ እኩል አይኮማተሩም፤ ጭንቀቱ መስመሮቹን ያንሸራትታል። ጨርሶ ሲሄድ፣ ሁለቱ ፊቶች እርስ በርስ እንዳይንጸባረቁ በ2 ዲግሪ ሰያፍ ይፈጩ ብሎ አከለ።

መልስ 6

ሁለት እርማት ይዞ መጣ። የመጀመሪያው የደኅንነት ነው፦ ብሮሚንም ሜታኖልም መርዝ ናቸው፤ ያለ ጭስ ማውጫ ሳጥን፣ ያለ መነጽርና ተስማሚ ጓንት እንዳይነኩ፤ ብሮሚኑ ወደ ሜታኖል በጠብታ ይጨመር እንጂ በተቃራኒው አይሁን። ይህን ሳይጽፉ አሠራሩን ብቻ ለጀማሪ መስጠት ተገቢ አይደለም ብሎ መልስ 5ን ገሠጸ። ግሣጼው የሚገባ ነበር።

ሁለተኛው ስለ ሰያፉ ነው። የቁሱ የብርሃን ስብራት 4 አካባቢ ስለሆነ በየፊቱ 36 በመቶ ይንጸባረቃል፤ ሞገዶቹም እርስ በርስ ተጣልተው በስፔክትረሙ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ይሠራሉ። በ500 ማይክሮሜትር ናሙና የሞገዱ እርከን 2.5 ዌቭ ነምበር ነው፤ የስፔክትሮሜትሩን የመለየት አቅም 4 ዌቭ ነምበር ላይ ማድረግ ብቻ ይሰውረዋል። በ70 ማይክሮሜትር ግን እርከኑ 18 ይሆናል፣ ከመስመሩ ስፋት ጋር ይቀራረባል፤ በዓይን መስመሩን ከሞገዱ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ሰያፍ ያስፈልጋል፤ 2 ዲግሪ ግን አይሆንም፤ በ3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ላይ አንዱ ጎን ከሌላው በ105 ማይክሮሜትር ይወፍራል፣ ናሙናው ራሱ ከዚያ ይቀጥናል። ለ100 ዌቭ ነምበር ሩብ ዲግሪ ይበቃል፤ ለ463 ደግሞ ከአንድ አሥረኛ ዲግሪ በታች። መልስ 5 ከስር መጥቶ ሂሳቡን ተቀብሏል።

መልስ 7

በ3 ቴስላ የሚጠፋውን መስመር ይመለከታል። ከ180 እስከ 197 ዌቭ ነምበር ባለው አካባቢ የክሪስታሉ አተሞች ራሳቸው ከብርሃኑ ጋር ስለሚንቀጠቀጡ ናሙናው ብርሃን አያሳልፍም። ሳይክሎትሮን ሬዞናንሱ በ3 ቴስላ 174 ላይ ነው፤ በ3.4 ቴስላ 194። በቀጥታ ወደ ጨለማው ይገባል። ጆንሰንና ላርሰን በ1966 በዚሁ ቁስ፣ በዚሁ መስክ አካባቢ፣ ኤሌክትሮኑ ከክሪስታሉ ንዝረት ጋር ሲጣመር የኢነርጂ ደረጃው እንደሚታጠፍ አሳይተዋል። ምክሩ ቁርጥ ያለ ነው፦ ከ2.8 እስከ 4 ቴስላ ያሉት ነጥቦች ከመግጠሚያው ይውጡ። ከዚህ መስክ በታችና በላይ ያሉት ነጥቦች በአንድ ለስላሳ መስመር ቢቀጠሉ ምን አለበት ብሎ ጣልቃ ለገባ አንድ አንባቢም፣ መስመሩ ከታች ወደ ታች ከላይ ወደ ላይ ስለሚገፋ ቅጥሉ የማሱን ቁጥር እንደሚያዛባ በጥቂት ቃል መልሶለታል።

መልስ 8

ከዚህ በኋላ ወሬው ማግኔቱን ወደሚያቀዘቅዘው ሂሊየም ዞረ። አንዱ የፈሳሽ ሂሊየም ዋጋ ሥራውን እንደሚያስቆም አማረረ፤ 1 ሊትር ፈሳሽ ወደ 750 ሊትር ጋዝ ስለሚሆን ጋዙን ሰብስቦ መልሶ የማያፈስ ቤተ ሙከራ ገንዘቡን በጣሪያ እየለቀቀ ነው ይላል። ወደ ፈሳሹ የሚገባ እያንዳንዱ 1 ዋት ሙቀት በሰዓት 1.4 ሊትር ያተናል፤ ስለዚህ ብርሃኑን የሚያወርደው የናስ ቧንቧ ግድግዳው ስስ፣ ከላይም በጨረር ጋሻዎች የታጠረ መሆን አለበት። ያለ ፈሳሽ የሚሠራ ማግኔት ይሻላል ያለው ሌላ ሰው የማቀዝቀዣው ምት ስፔክትሮሜትሩን እንደሚያንቀጠቅጥ፣ በሁለቱ መሐል ለስላሳ መገናኛ እንደሚያስፈልግ ራሱ ጨመረ።

መልስ 9

ወደ ጉዳዩ የመለሰን ይህ ነው። ጠያቂው ስፔክትረሙን የሚያካፍለው በዜሮ መስክ በተወሰደው ነው፤ ይህ ሁለት ወጥመድ አለው ይላል። ሲሊከን ቦሎሜትሩ (ያለፈውን ብርሃን በሙቀቱ የሚለካው) ከማግኔቱ ስር ከተቀመጠ ምላሹ ከመስኩ ጋር ይለወጣል፤ መሠረቱ ከፍ ዝቅ ሲል መስመር ይመስላል። በዜሮ መስክ ደግሞ ኤሌክትሮኖቹ ዝቅተኛውን ዌቭ ነምበር ይመጥጣሉ፤ ሲካፈል እዚያ ከ100 በመቶ በላይ የሚወጣ ሐሰተኛ ጉብታ ይፈጠራል። በእያንዳንዱ መስክ ናሙናውን እያወጡ ባዶውን ቀዳዳ መለካት ሁለቱንም ያስቀራል። ተሽከርካሪ መያዣ ከሌለ መስመሩ የራቀበትን ሌላ መስክ፣ ለምሳሌ ለ10 ቴስላ 8 ቴስላን፣ ማካፈያ ማድረግ ይቻላል።

መልስ 10 እና 11

በጣም የተጋጋለው እዚህ ነው። መልስ 10 ሂሊየም ስለሌላቸው ሰዎች አስቦ፣ በክፍል ሙቀት ክፍተቱ 170 ስለሚሆን የጠርዙን ማስ በዚያው መጠን ዝቅ አድርጎ 0.010 መውሰድ እንደሚቻል ጻፈ። መልስ 11 በቁጣ ተነሣበት፤ ይህ ስህተት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተገለበጠ የሚሄድ ነው አለ። ክፍተቱ በሙቀት የሚጠበው በሁለት ምክንያት ነው፦ ክሪስታሉ ስለሚስፋፋና አተሞቹ ስለሚንቀጠቀጡ። ወደ ማሱ ቀመር የሚገባው የመስፋፋቱ ድርሻ ብቻ ነው፤ የንዝረቱ ድርሻ የባንዶቹን ድብልቅ በዚያ መንገድ አይለውጠውም። ስለዚህ ማሱ የሚቀንሰው 0.010 ከሚለው እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ስትራድሊንግና ውድ በ1970 በማግኔቶፎኖን ልኬት (የላንዳው ደረጃዎች ርቀት ከክሪስታሉ ንዝረት ጋር ሲገጥም በሚታይ ለውጥ) ያሳዩትም ይህን ነው። በፊዚክሱ መልስ 11 ትክክል ነው። ሰውየውን ዕውቀት የለህም ማለቱ ግን ለመድረኩ አይመጥንም፤ ሁለት አባላትም ይህንኑ ነግረውታል።

መልስ 12

ሂሊየም የሌለው ሰው ምን ያድርግ የሚለውን ጥያቄ በቁም ነገር የያዘው ይሄኛው ነው። በርስታይን፣ ፒከስና ጌቢ በ1956 በዚሁ ቁስ የኢንፍራሬድ ሳይክሎትሮን ሬዞናንስን ያዩት በክፍል ሙቀት መሆኑን ያስታውሳል። ሞቢሊቲው በ300 ኬልቪን 77,000 አካባቢ ስለሆነ መስመሩ ወደ 17 ዌቭ ነምበር ቢሰፋም በ2 ቴስላ ኤሌክትሮማግኔት በደንብ ይለያል። ችግሩ በዚህ ሙቀት በራሳቸው የሚፈጠሩት ኤሌክትሮኖች 2×10¹⁶ መድረሳቸው ነው። የፕላዝማ ድግግሞሻቸው (ሁሉም አብረው የሚወዛወዙበት) 90 ዌቭ ነምበር ያህል ነው። ብርሃኑ መስኩን በቀጥተኛ ማዕዘን ከተሻገረ መስመሩ የሳይክሎትሮኑና የፕላዝማው ድግግሞሽ ካሬ ድምር ሥር ላይ ይወድቃል፤ ይህን ሳያውቅ ማስ የሚያሰላ ሰው ከእውነቱ የቀለለ ያገኛል። ስለዚህ ብርሃኑ በመስኩ አቅጣጫ ይሂድ፤ የማግኔቱ ምሰሶዎች ይበሱ።

ፎሪየር ስፔክትሮሜትርም ለሌለው የፋራዳይ ሽክርክሪትን (ብርሃን በመስክ ውስጥ ሲያልፍ የፖላራይዜሽኑ አቅጣጫ መዞርን) ያቀርባል፦ 10.6 ማይክሮሜትር የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር፣ ሁለት ፖላራይዘር፣ ኤሌክትሮማግኔት። ሽክርክሪቱ ከኤሌክትሮኖቹ ብዛትና ከሞገድ ርዝመቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ከማሱ ካሬ ጋር ይቀንሳል። ብዛቱን ከሆል ልኬት ያወቀ ሰው ማሱን ያወጣል። መስኩ ከዜሮ ቀስ እያለ ይነሳ፤ አለዚያ ሽክርክሪቱ 180 ዲግሪ አልፎ ይሁን ሳያልፍ አይታወቅም። ሌዘሩ ዓይን የማያየው ስለሆነ ጨረሩ የሚያርፍበት ማገጃ አስቀድሞ ይቀመጥ።

መልስ 13

አንድ አንባቢ ነገሩን ሜርኩሪ ካድሚየም ቴሉራይድ ወደተባለ ሌላ ጠባብ ክፍተት ቁስ ወሰደው። የካድሚየሙ ድርሻ 17 በመቶ አካባቢ ሲሆን ክፍተቱ ዜሮ ይሆናል። ኦርሊታና ባልደረቦቹ በ2014 እንዳሳዩት የላንዳው ደረጃዎቹ እንደ ግራፊን (የአንድ አተም ውፍረት ያለው ካርቦን) በመስኩ ካሬ ሥር ያድጋሉ። በመልስ 1 ቀመር ክ ዜሮ ሲደረግ የሚወጣው ይኸው መሆኑን ማሳየቱ ጥሩ ነበር። ስለ ኳንተም ዌል (ኤሌክትሮኖችን የሚያጠምድ እጅግ ስስ ንብርብር) የጀመረውን ግን አዲስ ክር ክፈትለት ተባለ።

መልስ 14 እና 15

ጠያቂው በመጨረሻ የቀረችውን አነሳ፦ ያው ናሙና ወደ 4.2 ኬልቪን ሲወርድ መስመሩ ከ463 ከፍ ብሎ ይታያል፤ ቀመሩ ግን አይጠብቀውም። መልስ 15 ነገሩን ዘጋው። በዚህ ሙቀት ከፍተኛው መስክ የኤሌክትሮኑን ሞገድ ስለሚያጠበው ኤሌክትሮኖቹ ወደ ዶነሮቹ (ኤሌክትሮኖቹን የሰጡት ባዕድ አተሞች) ይመለሳሉ፤ ዘለላው ከነጻ ደረጃ ሳይሆን ከዶነር ደረጃ ነው የሚነሳው፤ ዶነሩ ዝቅተኛውን ደረጃ ከላይኛው ይልቅ ስለሚያስር መስመሩ ከፍ ይላል። የነጻውን ኤሌክትሮን ማስ የሚፈልግ ሰው በ4.2 ኬልቪን አይለካ፤ ከ30 እስከ 50 ኬልቪን ዶነሮቹ ይራገፋሉ፣ የላይኛው ስፒንም ገና ባዶ ነው። በመሐሉ ሙቀቱን በየ5 ኬልቪኑ ከፍ እያደረገ ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ ቢመዘግብ የከፍተኛው መስመር እየቀነሰ የ463ቱ እየጨመረ ሲሄድ ያያል፤ ለዚህም ቀጭኑ የ10¹⁴ ናሙና ያስፈልገዋል፣ በሞላ መስመር ላይ የአንዱ መቀነስ አይታይምና።